ስሕተት ያልነበረበት ቅዳሜ

እትዬ ተሾመች የቆጮ ጉድጓዷን እሁድ ጠዋት የከፈተችው ቅጠሉን ልትቀይር ነበር። ድንጋዮቹን አነሳች፤ የላይኛውን የእንሰት ቅጠል ገለጠች፤ ከሊጡ መሀል የወንድ ጫማ ብቅ አለ። መጀመሪያ የመጣባት ድንጋጤ ሳይሆን ንዴት ነበር። "የትኛው ባለጌ ነው ቆሻሻውን ምግቤ ላይ የጣለው?" ብላ ጫማውን ጎተተች። ጫማው እምቢ አለ። ጠንከር አድርጋ ስትጎትተው እግር ተከተለው። ከዚያ በኋላ በካፊኖኖ የጮኸችውን ጩኸት የቦንጋ ሰው ሁሉ፣ ቋንቋውን የማያውቀው ሳይቀር፣ ገብቶት እየሮጠ መጣ።

መቶ አለቃ ደምመላሽ ግን ቁርሱን በልቶ ነው የደረሰው፤ ጥፋቱም እሱ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት መርማሪ ሆኖ ዛሬም ሬሳ ባየ ቁጥር የበላውን የሚመልስ ሰው ነው። ሚስቱ በዛወርቅ፣ "ሬሳ ሲገኝ ቀድማችሁ ላኩብኝ፤ እንቁላል በከንቱ አልጠብስም" ብላ ለጣቢያው ሰዎች አስነግራለች ይባላል። ጉድጓዱን አንድ ጊዜ አየ፤ ከእንሰቱ ኋላ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ እያየ ጠበቀው፤ አፉን በመሐረብ ጠርጎ ተመለሰ።

ሟቹ የእትዬ ተሾመች ጎረቤት ጋሽ ወልደሥላሴ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቴሌግራፍ መቺ ሆነው የስንቱን ሰው መርዶና የምሥራች በጣታቸው አሳልፈዋል። ማጅራታቸው ተሰንጥቋል። ደም የነካው ድንጋይ ጉድጓዱን ከሚጫኑት ድንጋዮች አንዱ ነው። ብብታቸው ሥር አንድ ደብተር ተወትፏል። ሃምሳ አለቃ ቢሻው ሊጡን በቅጠል ጠርጎ ሽፋኑን አነበበ።

"ትርንጎ ኢያሱ። የሞርስ ትምህርት።" ቀና አለ። "ገዳይዋ ስሟን ጽፋ ሄዳለች። እንዲህ ያለች ቅን ሰው በዘመኔ አላየሁም።"

"ዝም በል፣ ቢሻው።"

"እሺ ጌታዬ።"

እትዬ ተሾመች ከጉድጓዱ ጫፍ አልተነሳችም። "ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የተመለስኩ" አለች። "ይሄ ሁለት ትልልቅ እንሰት ነው። ሦስት ቀን ፋቅኩት። የክረምት ምግብ ነበር፣ ለልጆቹ። አሁን ይሄን ማን ይበላዋል?"



* * *

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለቢታ ገነት ጣቢያው የሬዲዮ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው፤ እዚያ ተራራ ውስጥ ስልክ የሚባል ነገር የለም፤ ክረምት ሲገባ በሬዲዮ የሰው ድምፅ እንኳ ፉጨት ብቻ ይሆናል። ሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ የሚመታው የቴሌግራፍ ፊደል፣ ግን ያልፋል። ስለዚህ ሞርስ የሚችል አንድ ሰው ይቀጠራል፤ ፈተናው ሐሙስ፣ እዚሁ ቦንጋ። ፈታኙ ከጅማ ይመጣል፤ ጋሽ ወልደሥላሴ አጠገቡ ተቀምጠው ይመሰክራሉ። ከተማው ውስጥ ሞርስ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሦስት ጀማሪዎች ቤታቸው እየሄዱ ይማሩ ነበር፦ ትርንጎ፣ ሙሌ እና ፍቃዱ።

ትርንጎ ከዋጫ ከተማ መጥታ ቦንጋ የምትኖር ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋለች። ቅዳሜ ለጋሽ ወልደሥላሴ ምሳ ይዛ ገብታ ሰባት ተኩል ላይ ስትወጣ ታይታለች። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ሽማግሌው ራሳቸው ከሱቅ ሲጋራ ገዝተዋል። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። እንግዲህ የተገደሉት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ባለው ጊዜ ነው፤ ትርንጎ በእነዚያ ሰዓቶች ቤቷ ብቻዋን ልብስ ታጥብ ነበር። ልብስ አይመሰክርም።

"ደብተሩን ለእርማት እሳቸው ጋ ትቼው ነው የወጣሁት" አለች። "ሁላችንም እንተዋለን።"

ደምመላሽ የእስር ወረቀቱን ፈረመ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ደስ አላቸው። "ረቡዕ ማታ መዝገቡን ዘግተህ ለዐቃቤ ሕግ ትልካታለህ" አሉ።

"ሐሙስ ፈተና አለባት፣ ጌታዬ።"

"ሰው ገድላ ደግሞ ፈተና?"

ለደምመላሽ ግን ያ ደብተር ከመጠን በላይ ተመቻችቶ የተቀመጠ መሰለው። አንዳንድ ማስረጃ እንደ ቀላዋጭ ነው፤ ሳትጠራው መጥቶ ከፊትህ ይቀመጣል።

* * *

ሙሌ ከሽማግሌው ጋር ተጣልቶ ነበር። "ጆሮህ ለሞርስ አልተፈጠረም" ብለው ሲያባርሩት "ቆይ አሳይዎታለሁ" ማለቱን መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል። ቢሻው ሰኞ ጠዋት ከነብርድ ልብሱ ይዞት መጣ። የላይኛው ከንፈሩ አብጦ አፍንጫው ላይ ደርሷል።

"ቅዳሜ የት ነበርክ?"

"ዋጫ፣ ሠርግ።"

"ማን አየህ?"

"ይሄን የመታኝ ሰውዬ አይቶኛል" ብሎ የወለቀ ጥርሱን ቦታ አሳየ። "የመታኝ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሙሽራዋን አቅፌ ስለጨፈርኩ ነው። አጎቷ ናቸው።"

ዋጫ ተደወለ። አጎትየው መምታታቸውን በኩራት አመኑ፤ ልጁ እስኪመሽ እዚያው ነበር አሉ፤ ሠርገኛው ሁሉ አጨብጭቦላቸው ኖሯል። ሙሌ ተለቀቀ።

* * *

ፍቃዱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የእድሩ ጸሐፊ ነውና ድንኳኑን ያስተከለ እሱ፣ ወንበር የቆጠረ እሱ፣ ከሁሉም በላይ ያለቀሰ እሱ። አርባ ዓመቱ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። "አባቴ! መምህሬ!" እያለ ሲወድቅ ሁለት ሰው ደግፎት ነበር። ደምመላሽ ልቡ ተነካና ሻይ እስኪጠጣ ጠበቀው።

"ቅዳሜ ከሰዓት?"

"ቤቴ ነበርኩ፣ መቶ አለቃ። ከስምንት ጀምሮ እስኪመሽ ሞርስ ስለማመድ። አከራዬን ይጠይቁ፤ ራሷን ሳላዞርባት አልቀረሁም።"

አከራዩ እትዬ ውባየሁ ከመብራት ወፍጮው አጠገብ ትኖራለች፤ የፍቃዱ ክፍል ከእሷ መኝታ በአንድ ጭቃ ግድግዳ ይለያል። ሞርስ የሚለውን ቃል ስትሰማ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"አይጥሩብኝ! አንድ ወር ሙሉ! ቲት ይላል፣ ይቆማል። ታት ይላል፣ ይቆማል። ደግሞ መሀል ላይ ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ! እንደ ስፌት መኪና። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ በግራ ወፍጮ፣ በቀኝ ፍቃዱ፤ እንደ ጤፍ ነው የፈጩኝ።"

"ቅዳሜስ ነበረ?"

"ነበረ እንጂ! ከስምንት ጀምሮ። ዘጠኝ ተኩል ላይ መብራት ጠፍቶ ወፍጮውም እሱም አንዴ ዝም ሲሉልኝ እፎይ ብዬ ጋደም አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጥቶ ወፍጮው ሲነሳ እሱም ተነሳ፤ አብረው ቀሰቀሱኝ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን ቀንቶት ነበር። ያ ስፌት መኪናው አንዴም ሳይሰማ እንደ ዝናብ ነው የወረደው። ማታ ሲወጣ 'እንኳን ደስ አለህ፣ ገባህ አይደል?' አልኩት። አፍሮ ሳቀ። ትሑት ነው።"

ደምመላሽ ጻፈ፦ ፍቃዱ፣ ቤቱ ነበር። አከራዩ ሰምታዋለች። በስሙ ላይ መስመር ሰረዘበት። ቀረች ትርንጎ።

* * *

ማክሰኞ የደብተሩን ገጾች ከፈተ። የፈረንጅ ፊደል፣ ከጎኑ ነጥብና ሰረዝ፣ ነጥብና ሰረዝ። ገዳይ በደብተር ውስጥ ስሙን ይተዋል ብሎ ተስፋ አላደረገም፤ ግን ያልገባውን ነገር ፈርሞ መላክ ደግሞ ቀፈፈው። ከጋሽ ወልደሥላሴ ቤት መለማመጃውን አስመጣ፤ በእንጨት ላይ የተመታች የናስ መምቻና እንደ ንብ የምትጮህ ትንሽ ሳጥን ናት። ትርንጎን ከእስር ክፍል አስወጥቶ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጣት።

"አስተምሪኝ።"

"ምን?"

"ይሄን። ከመጀመሪያው።"

ልጅቷ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ቃጣት፤ ዋጠችው። "አጭሩ ነጥብ ነው፤ ዲት። ረጅሙ ሰረዝ ነው፤ ዳ። ዳ የሦስት ዲት ያህል ይቆያል። ዲት-ዳ፣ ይሄ ኤ ነው። ይምቱ።"

መታ። ሳጥኗ እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸች።

"ይሄ ዳ-ዳ ሆነ። እጅዎ ከባድ ነው። የሰው በር አይደለም የሚያንኳኩት።"

ቢሻው በሩ ላይ ቆሞ ሳል አስመሰለ።

"እንደገና። አይቁጠሩ! ከንፈርዎ እየቆጠረ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ የሚቆጥር ሰው አይማርም ይሉ ነበር። እንደ ዜማ ነው የሚሰማው። ስምዎን የሚጠራ ሰው ስንት ፊደል እንደተናገረ ይቆጥራሉ?"

አንድ ሰዓት ሙሉ ደምመላሽ ላቡ ጠብ እስኪል መታ። ኤን የሚባለውን ፊደል ለመምታት ጀምሮ ኤ ወጣበት፤ ኤ ሲፈልግ ሌላ ምን እንደሆነ ፈጣሪ የሚያውቀው ነገር መጣ። የመንግሥት መኪና የነዳ፣ ወንበዴ የያዘ እጅ በአንድ የናስ ቁራጭ ተዋረደ።

"ሲሳሳቱ ዝም ብለው አይቀጥሉ" አለች። "ስምንት ነጥብ ይምቱ። ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልጀምር ማለት ነው።"

"ስምንት?"

"ስምንት። እንዲህ፦ ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ቲ።"

የደምመላሽ ጣት አየር ላይ ቀረ። እትዬ ውባየሁ "እንደ ስፌት መኪና" ያለችው ትዝ አለው።

"ጀማሪ ይሄን ብዙ ይመታል?"

"ከፊደሉ ይልቅ ይሄን ነው የሚመታው። እኔ ሦስት ወር ሆኖኝ አሁንም በየአምስት ደቂቃው እመታለሁ። ፍቃዱማ ሌላ አይመታም ነበር። ጆሮው ዘገምተኛ ስለሆነ ጋሽ ወልደሥላሴ አዘኑለትና ራሳቸው የመቱትን በካሴት ቀዱለት፤ በሁለቱም ገጽ፣ ቤቱ ሆኖ እየሰማ እንዲለምድ።"

በዚህ መሀል አምፖሉ ጠፋ። ከኮሪደሩ ማዶ የአዛዡ ሬዲዮ ዜና እያነበበ ዜናውን መሀል ላይ ዋጠው። ትርንጎ ግን እጇን አላነሳችም፤ ሳጥኗ መጮህ ቀጠለች።

"መብራት ጠፍቷል እኮ" አለ ደምመላሽ።

"እና? በባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው።" ሳጥኗን ገልብጣ ሁለቱን ባትሪዎች አሳየችው። "የሁላችንም እንዲህ ነው፤ ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው የሠሩልን። መብራት ቢኖር ባይኖር ግድ የላትም።"

ደምመላሽ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወንበሩን ገልብጦ ሲወጣ ቢሻው፣ "ጌታዬ፣ ሬሳ ተገኘ እንዴ?" አለው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ፍቃዱን ድንኳን ውስጥ አገኘው፤ የሰልስት ንፍሮ እያከፋፈለ ነበር። "ትንሽ ነገር ለመዝገቡ" ብሎ በትሕትና ወደ ክፍሉ ይዞት ሄደ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋው የተነጠፈ፣ ጠረጴዛው ላይ መለማመጃ ሳጥን፣ ግድግዳው ሥር ሶኬት ላይ የተሰካ ትልቅ ቴፕ፤ የካሴቱን ሁለት ገጽ ራሱ እየቀያየረ ሳያቋርጥ የሚያጫውት ዓይነት። ኋላ ደግሞ ወደ እትዬ ተሾመች እንሰት የሚያወጣ የጓሮ በር።

"ቅዳሜ ከስምንት ጀምሮ ሳታቋርጥ ነው የተለማመድከው?"

"አላቋረጥኩም።"

"ያን ሁሉ ሰዓት ወፍጮው አላስቸገረህም?"

"ምን ላድርግ ብለው ነው፣ መቶ አለቃ! የገበያ ቀን አይደል? እስከ ማታ አንዴም ትንፋሽ አልወሰደ። ጥርሴን ነክሼ ነው የሠራሁት።"

"አንዴም?"

"አንዴም።"

ቢሻው በሩን ዘጋው።

"ወፍጮው ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ቆሞ ነበር" አለ ደምመላሽ። "መብራት ጠፍቶ። አከራይህ በዚያ ዝምታ እንቅልፍ ተኝታለች። አንተ እዚህ ብትሆን ዝምታውን ትሰማው ነበር። ሌላም አለ። በባትሪ የምትሠራ ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብራ ዝም አትልም። ይሄ ግን ዝም ይላል" ብሎ በጫማው ጫፍ ቴፑን ነካ። "መብራቱ ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ስምንት ነጥብ ሲመታ የኖረ ሰው፣ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ስሕተት አይሳሳትም? እኔ እንኳ ትናንት ጀምሬ ይሄ ይገባኛል።"

ፍቃዱ ፈገግ ሊል ሞከረ። ደምመላሽ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ ቁልፉን ተጫነው። ትንሽ ሸሸሸ አለ። ከዚያ ጋሽ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ፤ ድምፃቸው ወፍጮ እየጮኸ ግድግዳ የማያልፍ ዝግ ያለ ነበር።

"ልጄ ፍቃዱ፣ አትቸኩል። እኔም ስጀምር እንደ አንተው ነበርኩ፤ መምህሬ እጄን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። አትቁጠር፣ ስማ ብቻ። ይኸው።" ድምፁ አበቃና ሞርሱ ጀመረ፤ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልተደናቀፈ።

ፍቃዱ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከመቀመጡ በፊት ግን አንሶላው እንዳይጨማደድ በመዳፉ አስተካከለ።

"ደብዳቤ ጽፌ ነበር" አለ ፍቃዱ። "በእሳቸው ስም፣ በእሳቸው ፊርማ። 'ፍቃዱ ብቁ ነው' የሚል። ለድርጅቱ ልኬዋለሁ። ሐሙስ ቢመጡ በሰው ፊት 'እኔ አልጻፍኩም' ይላሉ። የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ መቶ አለቃ። ሰው ያከብረኛል። እንዴት አድርጌ በዚህ ከተማ እሄዳለሁ?"

"ለዚህ?"

"ስም ቀላል ነው እንዴ?"

"ልጅቷስ?"

"እሷ ከሌለች ተወዳዳሪ የለም። ደብተሯ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።" እንደ ጥሩ ሒሳብ ሠሪ ነበር የሚያስረዳው። "እሳቸውን በጓሮ ጠራኋቸው። እትዬ ተሾመች ከባድ ድንጋይ ያንሱልኝ ብላለች አልኳቸው። መጡ። ሰው ሲቸገር ማየት አይችሉም ነበር።"

"ጉድጓዱን ለምን?"

"ቆጮ እስከ መስከረም አይከፈትም ብዬ ነዋ። በየጊዜው ቅጠል እንደሚቀይሩለት በምን አውቃለሁ?" ፍቃዱ አፍንጫውን ሸበሸበ። "እኔ ቆጮ አልበላም። ሽታው ይቀፈኛል።"

ደምመላሽ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣና አስመለሰው። ቁርስ አልበላም ነበር፤ ሬሳም አልነበረም። ቢሻው ካቴናውን ሲያጠልቅ ሰውየው፣ "ቀስ፣ ሸሚዜን" ይላል። ውጭ እድርተኞቹ ቆመው ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ "ንፍሮውን ከእጁ በልተናል እኮ" አሉና ምራቃቸውን ተፉ። ከዚያ ሁሉም ተፋ።

* * *

ትርንጎ ረቡዕ አልተፈታችም። አዛዡ ጅማ ስብሰባ ሄደው ነበር፤ ያለ እሳቸው ፊርማ እስረኛ አይወጣም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተመለሱ፤ ፈተናው ሦስት ተኩል ነው። ደምመላሽ ወረቀቱን ከመኪናቸው መስኮት አስፈርሞ ልጅቷን ይዞ ሮጠ። አራት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረች ልጅ፣ ፀጉሯ የተበታተነ፣ ቀሚሷ እስር ቤት እስር ቤት የሚል።

ከጅማ የመጣው ፈታኝ ከእግር እስከ ራሷ አያት። "ስለ ፍቃዱ ከመጣው ሌላ፣ መምህሩ ስለ እሷ የጻፉት ደብዳቤም ደርሶኛል፤ ጥሩ ብለዋል። ግን ታስራ ነበር ሰማሁ። ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ወረቀት ያስፈልገኛል። በማኅተም።"

"ገዳዩ ተይዟል!"

"ወረቀት፣ መቶ አለቃ። እኔም አለቃ አለኝ።"

ደምመላሽ ተመልሶ ሮጠ። አዛዡ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ደግሞስ ምን ብለህ ትጽፋለህ? ጣቢያው ተሳሳተ?"

"ጣቢያው አይደለም።" ቆሞ ጻፈው፦ "ትርንጎ ኢያሱን ያሰርኳት እኔ ነኝ። ያሰርኳት በስሕተት ነው። ምንም ወንጀል የለባትም። መቶ አለቃ ደምመላሽ በዛብህ።"

አዛዡ አነበቡት። "ይሄን ፋይልህ ውስጥ ካስገባሁት ዕድገት የሚባል ነገር እርሳ።"

"ያስገቡት።"

ማኅተሙን ራሱ አንስቶ መታው። ሲደርስ ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ልጅቷን አስገባና በሩን ዘጋ።

ደምመላሽ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ፤ ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ኤ ብቻ ያወቀ መሰለው፤ እሷንም እርግጠኛ አልነበረም።

በሩ ተከፈተ።

"እህ?"

"አለፍኩ። ሰኞ ቢታ ገነት ሥራ እጀምራለሁ።"

"እንኳን ደስ አለሽ!" ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ እጁን አየችው። አልተቀበለችውም።

"አልጨብጥዎትም፣ መቶ አለቃ። አይቀየሙኝ።"

"ወረቀቱን እኮ እኔ ነኝ..."

"አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "እሁድ ሲያስገቡኝ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ምን እንደነበር ያስታውሳሉ? 'ለምን ገደልሽ?' ነው ያሉኝ። ሰኞም እሱኑ። አንድ ቀን እንኳ 'ገድለሻል ወይ?' ብለው አልጠየቁኝም።"

የምርመራ ቃሏን የጻፈው ደምመላሽ በራሱ እጅ ነው፤ እንዳለችው ነበር። ትርንጎ ቁልቁል ወደ መናኸሪያው መንገድ ስትወርድ፣ የተዘረጋው እጁ ገና አልታጠፈም ነበር።